ታጁራ፦ ለዕረፍትም ለዘመድ ጥየቃም

ልጆችንና አረጋዊ ወላጅን ይዞ፣ ከግርግር ርቆ ባሕር ዳር ጥቂት ቀናት ማሳለፍ ለሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው የጂቡቲዋን የወደብ ከተማ ታጁራን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የምሽት ክበብ፣ የገበያ አዳራሽና ጥሪውን ሰምቶ የሚሮጥ አስተናጋጅ ለሚፈልግ ግን አልመክርም። እዚያ ያለው ባሕር፣ ዓሣ፣ የአዛን ድምፅ፣ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነሳ ነፋስና እንግዳን ጠይቆ የማይጠግብ ሕዝብ ነው። ለእኛ ደግሞ በዚህ ላይ ዘመድ ተጨምሮበታል። የእናቴ እናት የተወለዱት ታጁራ ነው።

አያቴ ገና በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ወደ አውሳ ተሻግረው፣ አሳይታ ላይ ለአንድ የባቲ ነጋዴ ተድረው፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን ባቲ ኖረው እዚያው ተቀበሩ። ባሕሩን ተመልሰው አላዩትም። እናቴ ያደገችው አፋርኛቸውን እየሰማች፣ ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ከቆላ ከሚወጡት አፋሮች ጋር በቋንቋቸው እየተገበያየች ነው። አሁን ሰባዎቹን አልፋለች፤ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይታዘዛትም። ስለዚህ ጉዞው ከዚህ በላይ የሚዘገይ እንዳልሆነ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን፣ የልጆቹ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሲገባ በጥር መጨረሻ ተነሳን።

ስለ ወቅቱ አስቀድሜ ልናገር፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነውና። ወደዚያ አገር የሚኬደው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በጥር ቀኑ ሞቅ ይላል፣ ሌሊቱ ደግሞ ቀለል ያለ አንሶላ ያስፈልገዋል። ከግንቦት በኋላ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምድሩ ወደ ባሕር የሚነፍሰው አቧራ ያዘለ ትኩስ ነፋስም ይመጣል። አቅም ያለው የአገሩ ሰው ራሱ በክረምት ወደ ተራራ ይወጣል ወይም ወደ ኢትዮጵያ ይሻገራል። ትንሽ ልጅና አረጋዊ ይዞ በሐምሌ መሄድ ጭካኔ ነው።

የከተማዋ ጸጥታ ታሪክ ያመጣው ነው። ጂቡቲ የሚባል ከተማ ገና ሳይቆረቆር የሸዋና የአውሳ ሲራራ ነጋዴ ወደ ባሕር የሚወርደው በታጁራ በኩል ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲላክ ከዚሁ ዳርቻ ግመል ጭኖ ነው አንኮበር የገባው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ደረሰና፣ ጉዞው እየተጓተተበት ወራት ከርሞ የወጣው በቀጣዩ ዓመት መገባደጃ ላይ ነው። ከአሳል ሐይቅ የሚቆረጠው ጨውም በዚሁ መንገድ ወደ ደጋ ይጓዝ ነበር። ከዚያ ፈረንሳዮች ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ጂቡቲን ቆረቆሩ። የምድር ባቡሩ ከዚያ ተነስቶ ድሬዳዋ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ግመሉም ነጋዴውም ፊቱን አዞረ። ታጁራ መስጊዶቿን፣ ነጭ ቤቶቿንና ሱልጣኗን ይዛ ቀረች። እኛ ኢትዮጵያውያን ጂቡቲ ሲባል ኮንቴይነርና የከባድ መኪና ሰልፍ ብቻ ይታየናል። ከዚያ በፊት ደጃችን የነበረችውን ከተማ የሚያውቃት ጥቂት ሰው መሆኑ ያሳዝነኛል።

ጉዞው ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። በባቡርም መሄድ ይቻላል፤ የእናቴ ጉልበት ረጅም መቀመጥ ስለማይችል እኛ አውሮፕላኑን መረጥን። ፓስፖርት፣ ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ገንዘቡ የጂቡቲ ፍራንክ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፣ ይህ ምንዛሪም ለአሥርት ዓመታት አልተነቃነቀም። አገሩ ውድ መሆኑን አትርሱ። አትክልትና ፍራፍሬው አብዛኛው ከእኛ አገር የሚሻገር ነው፤ ድሬዳዋ ላይ በርካሽ የምታውቁት ቲማቲም እዚያ ዋጋው ያስደነግጣል። ታጁራ ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣ ማሽን ላይ ተስፋ ሳትጥሉ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ግቡ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጉዟችንን ያዘጋጀልን አንድ አስጎብኚ ድርጅት ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። ከጂቡቲ ወደ ታጁራ የሚሻገረው ፌሪ በየቀኑ እንደሚነሳ ነግሮን ነበር። በየቀኑ አይነሳም። ወደቡ ላይ ከነሻንጣችን ከደረስን በኋላ ነው የሚቀጥለው ጉዞ ለማግስቱ መሆኑን የሰማነው። ስንደውል ስልኩን የሚያነሳ አልነበረም፤ የዚያን ሌሊት የሆቴል ሂሳብም ከኪሳችን ወጣ። አረጋዊት ያለችበት ቤተሰብ በቀትር ፀሐይ ወደብ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለአንድ አስጎብኚ ሊነገረው አይገባም ነበር። የመነሻ ቀኑን በሰው ቃል አትመኑ፤ ጂቡቲ እንደደረሳችሁ ወደቡ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ፌሪው ራሱ ግን ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት ክፍል ነው። መኪና ከታች ይጫናል፣ ሰው ከላይ ይወጣል። ፍራሽ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የውኃ በርሜል፣ እግራቸው የታሰረ ፍየሎች፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ቁም ሣጥን ሁሉ አብረውን ተሻገሩ። ሐሙስ ስለነበር በዋና ከተማዋ የሚሠራው የታጁራ ሰው ለጁምዓ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። የአገሩ የዕረፍት ቀን ዓርብ መሆኑን ልብ በሉ። ሴቶቹ ለእናቴ የጥላ ቦታ ለቀቁላት፤ አፋርኛ ስትናገር ሲሰሙ ደግሞ ሻይ መጣ። የእኛ ልጆች ዶልፊኖች ከመርከቡ ጎን እየዘለሉ ሲከተሉን አይተው ጮኹ፤ የአገሬው ልጆች ደግሞ የእኛን ልጆች ጩኸት እያዩ ሳቁ። ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ የጎዳ ተራሮች ከጭጋጉ ወጡ፣ ከግርጌያቸው የከተማዋ ነጭ መስመር ታየ። እናቴ እስክንደርስ ድረስ ተቀመጭ ብንላት አልተቀመጠችም፤ የመርከቡን መደገፊያ ብረት ይዛ ቆማ ደረሰች።

ያረፍንበት ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለ አነስተኛ ሆቴል ነው። ስሙን የማልጽፈው ጉድለቱንም ስለምናገር ነው። ጥሩ ጎኑ አቀማመጡ ነው። ከበረንዳው እስከ ውኃው ያለው ርቀት እናቴ በከዘራዋ ያለ ረዳት የምትሄደው ነው፤ ለእኛ ይህ ከኮከብ ብዛት ይበልጣል። ዛፍ አለ፣ ዛፉም ከረፋዱ ጀምሮ እውነተኛ ጥላ ይሰጣል። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፣ አንሶላውም ነጭ ነው። የሌሊት ጥበቃው የደሴ ልጅ ሆኖ አገኘነው። ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ከእናቴ ጋር የሚጨዋወተው እሱ ነበር፤ ስለ ፒያሳ፣ ስለ ጦሳ ተራራ፣ ስለ ሸዋ በር ገበያ።

ጉድለቱ ሦስት ነገር ላይ ነው። የአንደኛው ክፍል አየር ማቀዝቀዣ እንደ ወፍጮ እያጓራ ስለሚያድር ማጥፋት ግድ ነው፤ ከጠፋ ደግሞ ወባ ትንኝ ይገባል። የቧንቧው ውኃ ጨዋማ ነው፤ ሳሙና አያረፋም፣ ፀጉርም ያደርቃል። ይህ የአገሩ ተፈጥሮ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ነገር ግን ለሻወር አንድ ባልዲ ንጹሕ ውኃ መጨመር ለሆቴሉ አይከብደውም ነበር። ሦስተኛው ቁርስ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተባለው ቁርስ 3 ሰዓት ይቀርባል፤ መድኃኒቷን ከምግብ ጋር ለምትወስድ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለኃላፊው ስንነግረው በትሕትና ይቅርታ ጠየቀ፣ በማግስቱም ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ቁርሳችንን ከከተማው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ፣ ከሱቅ ደግሞ እርጎና ተምር ገዝተን ራሳችን አዘጋጀን፤ ሁላችንም ያንኑ ወደድነው።

ስለ ወባ ትንኝ ካነሳሁ ልጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ2012 በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አዲስ የወባ ትንኝ ዝርያ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እዚያው ጂቡቲ ነው። ትንኝ የምታስተላልፈው ደንጊ የሚባል የትኩሳት በሽታም አለ። አጎበርና የትንኝ ቅባት ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለልጆች ደግሞ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ።

ወደ ባሕሩ። ሳብል ብላን የሚባለው የነጭ አሸዋ ዳርቻ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ነው። ባሕረ ሰላጤው ሦስት ወገኑ በምድር የተከበበ ስለሆነ ማዕበሉ የተቆጣ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ውኃው ረግቶ እስከ ታች ድረስ ይታያል። ኮራሉ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ይጀምራል። ትልቁ ልጄ የመዋኛ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ውኃ ውስጥ ነከረና፣ ቀና ሲል ዓይኑ ፈጦ "ሰማያዊ ዓሣ ድንጋዩን እየበላ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ በቀቀን የሚመስል አፍ ያለው ዓሣ ኮራሉን እየፋቀ ይበላል፣ ጆሮህን ውኃ ውስጥ ብትከት ፍቅፍቁ ይሰማሃል። የፕላስቲክ ጫማ ሳታደርጉ አትግቡ፤ ኮራሉ እግር ይቆርጣል፣ በድንጋዩ መካከልም ጥቁር እሾህ የለበሰ የባሕር ፍጥረት አለ። ዓርብና ቅዳሜ ከዋና ከተማዋ የሚመጣው ሰው ይበዛል፤ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ግን ዳርቻው የእናንተና የጥቂት ፍየሎች ነው።

ሴቶች ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። በከተማው ዳርቻ ሴቶች የሚታጠቡት ከነልብሳቸው፣ ከወንዶቹ ራቅ ብለው፣ አመሻሽ ላይ ነው። እኔና እናቴም እንደዚያው አደረግን። ለሆቴሉ እንግዶች የሚፈቀደው ሌላ ነው፤ ከተማው መካከል ግን ሰው የሚያከብረውን ማክበር ይገባል። እናቴ ቀሚሷን እንደለበሰች እስከ ወገቧ ገባች፣ ውኃውን በእፍኟ ዘግና ቀመሰችው፣ "እውነትም ጨው ነው" አለች። አያቴ የነገሯትን ማረጋገጧ ነበር።

ስለ ምግብ ረጅም አልናገርም፤ አንዱን ብቻ። ከገበያው ጀርባ ያለች መጠነኛ ምግብ ቤት ዓሣውን የየመን አሠራር በሚሉት መንገድ ይሠሩታል። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፣ ቀይ በርበሬና ጨው ይታሻል፣ በረጅም ብረት ተሰክቶ አፉ ወደ ላይ በሆነ ጥልቅ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይወርዳል። በዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ስስ ቂጣ ይለጠፋል። ሁለቱም አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ቆዳው ጠቁሮ የተሰነጣጠቀ፣ ውስጡ ነጭና ጭማቂው ያልደረቀ። የሚቀርበው በጋዜጣ ላይ ነው፤ ከጎኑ ቲማቲምና ቃሪያ አብሮ የተፈጨበት ማባያ አለ። አንድ ትልቅ ዓሣ ወደ 2,000 ፍራንክ ከፍለን ሁላችንም ጠግበን ተነሳን። በሆቴሉ ግን ዓሣው በዘይት ተጠብሶ፣ ቀዝቃዛ ድንች ተጨምሮበት፣ በእጥፍ ዋጋ ነው የሚቀርበው፤ አትብሉት።

አሁን ወደ ዘመድ ፍለጋው ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። የሄድነው አድራሻ ይዘን አልነበረም። የያዝነው የአያቴን ስም፣ የአባታቸውን ስምና የጎሳቸውን ስም ነው። አፋር ዘንድ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ከአንዱ መስጊድ አጠገብ ያለች ሱቅ በረንዳ ላይ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ጢማቸውን ሂና የቀቡ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። እናቴ ሰላምታ ሰጥታ ከፊታቸው ተቀመጠች። የአያቴን ስም አላስቀደመችም። አፋር ዳጉ አለው፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከጉዳያቸው በፊት ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። የሚነገረው ወሬ እውነት መሆን አለበት፤ የሰማ ሰው ለሚቀጥለው ያደርሰዋልና። አዛውንቱ ጠየቁ፤ ባቲ ዝናብ እንዴት ነበር? ፍየል በስንት ይሸጣል? የሚሌ መንገድ ሰላም ነው? ማን ሞተ? እናቴ አንድ በአንድ መለሰች። የማታውቀውን "አልሰማሁም" አለች እንጂ አልቀባባችም። ከዚያ እሷ ተራዋን ጠየቀች፤ ባሕሩ ዓሣ ሰጥቷል ወይ? ተራራው ላይ ሣር አለ ወይ? ሕፃናት ታመዋል ወይ? ልጆቼ ሰለቻቸውና ባለቤቴ ወደ ባሕሩ ይዟቸው ሄደ። እኔ ቋንቋው ባይገባኝም ከቦታዬ አልተነሳሁም።

በመጨረሻ አዛውንቱ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉ። እናቴ የእናቷን ስም፣ የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን እያለች ወደ ላይ ቆጠረች። ቀጣዩን ስም አፏ ላይ ሳለ አዛውንቱ ቀድመው ጨረሱላት። አንድ ልጅ ጠርተው ወደ ጠባቧ መንገድ ላኩት። ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት መጡ፤ የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ ናቸው።

ቤታቸው ከባሕሩ ብዙ የማይርቅ፣ ግድግዳው ከኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቢሆንም በቀትር እንኳን ውስጡ ይቀዘቅዛል። አያቴ የተወለዱበት ቤት ፈርሶ በቦታው ሌላ ቤት ተሠርቷል። ቦታውን አሳዩን፤ ከድሮው የቀረው የውኃ ጉድጓዱ ብቻ ነው፣ አፉ በቆርቆሮ ተከድኗል። እናቴ እዚያ ብዙ አልቆየችም። የቆየችው የተነጠፈው ሰሌን ላይ ነው። የታጁራ ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ፤ አንዳንዱን ዘለላ ጥቁርና ወይን ጠጅ ቀለም ነክረው በነጩ መካከል ይሸምኑታል። አያቴ ባቲ ሆነው፣ ከቆላ ከሚመጣ ዘንባባ ይህንኑ ይሠሩ ነበር። እናቴ የሰሌኑን ጫፍ ገልብጣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ወደ ውስጥ ተደብቋል፤ ባቲ የኛ ቤት ሰሌን ጠርዝ የሚታጠፈውም እንደዚህ ነበር፣ ጎረቤቶቻችን የሚያጥፉት ግን አንድ ጊዜ ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ በዚያ ሰሌን ላይ ተኝቻለሁ፤ ልዩነቱን ያየሁት ግን እናቴ ስታሳየኝ ነው። ሁለቱ ሴቶች ስለ አጨራረሱ እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ድረስ ተነጋገሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ምሳችን እዚያ ሆነ። ሩዝ በዓሣ፣ አንድ ቀን ደግሞ ፍየል ታረደልን። ልጆቼ ከቤቱ ልጆች ጋር የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ኳስና ባሕር አገናኛቸው፤ ማታ የሚመጡት አሸዋ ለብሰው ነበር። ለዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ከሆነ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከያዝነው ሁሉ ይልቅ ያስደሰታቸው ጥሬ ቡና፣ ማርና በርበሬ ነው። ፎቶ ለማንሳት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ዳጉው ይለቅ። አዛውንት ካላችሁ ደግሞ ፍለጋውን ለእሳቸው ተዉት። እኛ ባለ ስልኮቹ ለዚህ ሥራ አንጠቅምም።

ከጎዳ ተራሮች ላይ የዳይ ጫካ አለ። በዚያ ደረቅ አገር መካከል የጥድ ደን መኖሩ ያስገርማል፤ ብዙው ጥድ ግን ደርቆ ቆሟል፣ ይህም ልብ ያሳዝናል። በዓለም ላይ ከጂቡቲ በቀር የማይገኘው ቆቅ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ነው። መንገዱ ሻካራ ስለሆነ አረጋዊ አይወሰድበትም፤ ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ደርሶ መጣ፣ እኔና እናቴ ቀረን። ቆቁን አላዩትም፣ ብርዱን ግን ወደዱት።

ስንመለስ መኪና ተከራይተን ባሕረ ሰላጤውን በየብስ ዞርን። ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ማየት ይገባል። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሁለቱም ወገን ይከባችኋል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳው አርዱኮባም በዚያው ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥላችሁ ስትወርዱ አሳል ሐይቅን ታገኛላችሁ፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ በአፍሪካ ከሁሉ ዝቅ ያለ ስፍራ። ጨው ዳርቻውን እንደ በረዶ ሸፍኖታል። እናቴ ከመኪናው ወርዳ እፍኝ ጨው በመሐረቧ ቋጠረች። የአባቷ ወገኖች በግመል ያመላልሱት የነበረውን ጨው ከምንጩ ማየቷ ለእሷ ከባሕሩ ያልተናነሰ ነበር።

በዚሁ መንገድ ላይ ግን ለልጆቻችሁ ምን እንደምትነግሯቸው አስቀድማችሁ አስቡ። የኛ ልጆች፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ የመጡ ወጣቶች፣ ቢጫ ጀሪካን ወይም የውኃ ላስቲክ ይዘው በእግራቸው ወደ ሌላዋ የጂቡቲ የባሕር ዳር ከተማ ወደ ኦቦክ ይጓዛሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። ብዙዎቹ በዚያ ባሕር አልቀዋል። መኪናችንን አቁመን ውኃና ብስኩት ሰጠን። አንዱ ከኮምቦልቻ መሆኑን ለእናቴ ነገራት፤ ተመለስ ብላ ለመነችው፣ እጇን ስሞ መንገዱን ቀጠለ። የኛ ዕረፍትና የእነሱ ጉዞ አንድ መንገድ ላይ መገናኘቱን እስካሁን መርሳት አልቻልኩም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዳይሄድ አይደለም። በመኪናችሁ ትርፍ ውኃ ሳትጭኑ በዚያ መንገድ እንዳታልፉ ነው።

ታጁራን እመክራለሁ፣ ያረፍንበትን ሆቴል ግን በቦታው ምክንያት ካልሆነ አልመክርም፤ አስጎብኚውን ጨርሶ አልመክርም። ትኬቱንና ማረፊያውን ራሳችሁ ብትይዙ ይሻላል፤ ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ የሚችል ሰው አብሯችሁ ካለ ነገሩ ይቀላል፣ በዋና ከተማዋ ግን አማርኛም አያጣችሁም። ለሚቀጥለው ኅዳር የእናቴ ዘመድ ሁለት ክፍል እንደሚለቁልን ነግረውናል፤ እናቴም የምትወስደውን የቡና ኪሎ ከአሁኑ እያስቆጠረችን ነው። በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ሳይበረታ እሳቸው ከልጅ ልጃቸው ጋር በጋላፊ ድንበር በኩል ባቲ ይመጣሉ። የሰኞውን ገበያ ሊያዩ ይፈልጋሉ።